ወለድ ወጣ፣ ኪሳራው የማን ሆነ?

ዘምዘም ባንክ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ባንክ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ሂጅራ ተከተለ፤ ራሚስና ሸበሌም ገበያውን ተቀላቀሉ። ከነባሮቹ ባንኮችም አብዛኞቹ ከወለድ ነፃ የሚል መስኮት ወይም ለብቻው የተለየ ቅርንጫፍ ከፍተዋል።

እዚህ ለመድረስ አሥራ ሦስት ዓመት ፈጅቷል። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592/2000 ብሔራዊ ባንክ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ መመሪያ እንዲያወጣ በር ከፍቶ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ግን አገልግሎቱን የፈቀደው ለነባር ባንኮች ነው፤ እሱም በመስኮት ብቻ። አክሲዮን ሲያሰባስቡ የነበሩት የዘምዘም መሥራቾች ከመንገድ ቀሩ። አቋሙ የተቀየረው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን ራሱን የቻለ ከወለድ ነፃ ባንክ ማቋቋም የተፈቀደው በዚያው ዓመት በወጣው አዲስ መመሪያ ነው። ከዚያ በፊት ወለድ የማይነካ ሙስሊም ነጋዴ ምርጫው ጠባብ ነበር። ገንዘቡን ቤቱ ያስቀምጣል፤ አለዚያም ወለድ የማይታሰብበት ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ይከፍታል። ወለድ ከታሰበለትም አጅር (የፈጣሪ ዋጋ) ሳይጠብቅ ለድሃ ይሰጠዋል። ብድር ሲያስፈልገው ደግሞ ዘመድና የገበያ ባልደረባውን ይለምናል።

ያ ጥያቄ የመብት ጥያቄ ነበር፤ በአብዛኛው ተመልሷል። አሁን በተራው የመጣው ጥያቄ ከባንክ ፈቃድ የጠለቀ ነው። ወለድን ከውሉ ላይ ማውጣት ወለድ የተከለከለበትን ምክንያት ያሟላል ወይ? በመርካቶ ሱቆች «ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» የሚሉ አሉ። «ወለዱ ትርፍ ተባለ እንጂ ክፍያው ያው ነው» ማለታቸው ነው። ይህን ሐሜት በንቀት ማለፍ አይገባም። የኢስላም ሊቃውንት ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ የተከራከሩበት ጉዳይ ነውና። ክርክሩን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የሚያገኘው መለኪያ አንድ ነው፦ ነገሩ ሲበላሽ ኪሳራው በማን ላይ ያርፋል?

ባላንጣዎቹ የተስማሙበት

አል-ገዛሊና ኢብን ሩሽድ በኢስላም የአስተሳሰብ ታሪክ ውስጥ የሚነሱት ሆድና ጀርባ ሆነው ነው። በ1111 እ.ኤ.አ. ያረፈው አል-ገዛሊ «ተሃፉት አል-ፈላሲፋ» በተባለው ሥራው ፈላስፎችን በሃያ ጉዳዮች ሞገተ፤ በሦስቱም ከእምነት የሚያስወጣ ስህተት ሠርተዋል አለ። የኮርዶባው ኢብን ሩሽድ (1126–1198 እ.ኤ.አ.) «ተሃፉት አት-ተሃፉት» ብሎ መለሰለት። በዓለም አፈጣጠርና በምክንያትና ውጤት ላይ ያልተስማሙት እነዚህ ሁለት ሰዎች ገንዘብ ላይ ሲደርሱ ግን ጎን ለጎን ይቆማሉ።

አል-ገዛሊ በ«ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» የምስጋናን ትርጉም ሲያብራራ ወደ ወርቅና ብር ይሻገራል። ዲናርና ዲርሃም በራሳቸው ጥቅም የላቸውም፤ አይበሉም፣ አይለበሱም። የራሱ ቀለም የሌለው መስተዋት የሁሉን ቀለም እንደሚያሳይ ሁሉ ገንዘብም የራሱ ዋጋ ስለሌለው የሁሉን ዋጋ ማሳየት ይችላል። ገንዘብ ያከማቸ ሰው በሕዝብ መካከል የሚፈርደውን ዳኛ እስር ቤት እንደከተተ ይቆጠራል። ገንዘብን በገንዘብ የሚነግድ ደግሞ መለኪያውን ሸቀጥ አደረገው፤ ከተፈጠረበት ዓላማ አጣመመው። አመስጋኝ መሆን ማለት አንድን ነገር ለተሠራለት ዓላማ ማዋል ከሆነ አራጣ የምስጋና ተቃራኒ ነው።

ኢብን ሩሽድ ፈላስፋ ብቻ አልነበረም፤ በሴቪልና በኮርዶባ ቃዲ ሆኖ ፈርዷል። የመዝሀቦችን (የኢስላም ሕግ ትምህርት ቤቶችን) ልዩነት በሚያነጻጽርበት «ቢዳየት አል-ሙጅተሂድ» ውስጥ ስለ ሪባ (አራጣ) ሲጽፍ ራሱ ማሊኪ ሆኖ ሳለ የሐነፊዎችን ምክንያት አጉልቶ ያወጣል። የክልከላው ዓላማ በሪባ ውስጥ ያለውን ከባድ መበላለጥ መከላከል ነው ይላል። በግብይት ፍትሕ ማለት ለእኩልነት መቅረብ ነው፤ የተለያዩ ነገሮችን እኩል ማድረግ ስለሚያስቸግር ዲናርና ዲርሃም መለኪያ ሆነው መጡ። ይህ አስተሳሰብ አርስቶትል በ«ኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» አምስተኛ መጽሐፉ ስለ ገንዘብ ከሚለው ጋር ይገጥማል፤ ኢብን ሩሽድም በዚያ መጽሐፍ ላይ በ1177 እ.ኤ.አ. ማብራሪያ አጠናቅቋል። አርስቶትል በ«ፖለቲካ»ው ገንዘብ ገንዘብን የሚወልድበትን ትርፍ ከሁሉ ይልቅ ከተፈጥሮ የራቀ ብሎታል።

ስለዚህ የወለድ ክልከላ «ፈጣሪ ስላዘዘ ብቻ» ተብሎ የሚዘጋ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ትእዛዝነቱ ሳይነካ ምክንያቱ ተፈልጓል፤ ምክንያቱም ፍትሕ ሆኖ ተገኝቷል። ዛሬ አንድን የባንክ ውል «ሐላል ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «ፍትሐዊ ነው ወይ?» ብሎ ሲቀጥል ከሃይማኖቱ ወጥቶ የዘመናዊ ሰው ጥያቄ እየጠየቀ አይደለም፤ አል-ገዛሊና ኢብን ሩሽድ የጠየቁትን እየጠየቀ ነው።

የባንክ ወለድ ሪባ ነው?

የሃያኛው ክፍለ ዘመን ክርክር ባንክን ራሱን ይመለከት ነበር። ፓኪስታናዊው ምሁር ፈዝሉር ረሕማን በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ቁርዓን ያወገዘው የተበዳሪን ዕዳ እጥፍ ድርብ የሚያደርገውን የጃሂሊያ (የቅድመ ኢስላም) ዘመን ብዝበዛ ነው፤ እያንዳንዱን የባንክ ወለድ ከዚያ ጋር አንድ ማድረግ አይገባም ብሎ ተከራከረ። የግብጽ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ ሰይድ ጠንጣዊም በ1989 እ.ኤ.አ. በመንግሥት የቁጠባ ሰርተፊኬት የሚከፈል ትርፍ የተፈቀደ ነው ሲሉ ፈትዋ ሰጡ፤ ከፍተኛ ተቃውሞም ገጠማቸው።

አብዛኛው ዑለማ ይህን መንገድ አልተከተለም። የአል-አዝሃር የኢስላም ጥናት አካዳሚ በ1965 እ.ኤ.አ.፣ የኢስላም ትብብር ድርጅት የፊቅህ (የኢስላም ሕግ) አካዳሚም በ1985 እ.ኤ.አ. ለፍጆታም ሆነ ለንግድ ብድር የሚከፈል ማንኛውም ወለድ ሪባ ነው ብለው ወሰኑ። የኢትዮጵያ ከወለድ ነፃ ባንኮችም የቆሙት በዚህ ውሳኔ ላይ ነው።

የፈዝሉር ረሕማን ወገን በፈትዋ ቢሸነፍም ያነሳው ጥያቄ አብሮት አልሞተም። የክልከላው ነፍስ ብዝበዛን ማስቀረት ከሆነ፣ ወለድ የሌለው ሆኖ ድሃውን የሚጎዳ ውል ምን ሊባል ነው? ወለድን በሙሉ ሪባ የሚለው ወገን ይህን የመመለስ ግዴታው ከሌላው ይበልጣል፤ ምክንያቱም አማራጭ አለኝ ብሎ የተነሳው እሱ ነው።

ከሽርክና ወደ ሽያጭ

የመጀመሪያዎቹ የኢስላም ኢኮኖሚ አሳቢዎች ሕልም ትልቅ ነበር። የነጀፉ ሊቅ ሙሐመድ ባቂር አስ-ሰድር በ1961 እ.ኤ.አ. «ኢቅቲሳዱና»ን ሲያሳትም ከካፒታሊዝምም ከሶሻሊዝምም የተለየ ሥርዓት ለማሳየት ነበር፤ ወለድ የሌለው ባንክ እንዴት ሊሠራ እንደሚችልም ለብቻው መጽሐፍ ጽፏል። ሕንዳዊው ነጃቱላህ ሲዲቂም ባንክን የሽርክና ድልድይ አድርጎ ነው ያየው። አስቀማጩ በሙዳረባ ገንዘቡን ለባንኩ ያስረክባል፤ ባንኩ በተራው ለነጋዴው ያስረክባል፤ ትርፉን ሦስቱም ይካፈላሉ። ኪሳራ ቢመጣ የገንዘቡ ባለቤት ገንዘቡን፣ ሠራተኛው ድካሙን ያጣል።

ሙከራውም የተጀመረው ከታች ነው። አሕመድ አን-ነጃር የተባለ ግብጻዊ ኢኮኖሚስት በጀርመን ያያቸውን የቁጠባ ባንኮች አርአያ አድርጎ በ1963 እ.ኤ.አ. በአባይ ደለል ምድር በምትገኘው ሚት ጋምር ከተማ ለገበሬና ለአነስተኛ ነጋዴ የሚሆን ባንክ አቋቋመ። «ኢስላማዊ» የሚል ስም እንኳ አልሰጠውም። ባንኩ ግን አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላው ፈረሰ። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን የነዳጅ ገንዘብ ዘመን ነው፤ በ1975 እ.ኤ.አ. የዱባይ ኢስላሚክ ባንክ ተከፈተ፤ የጅዳው የኢስላም ልማት ባንክም በዚያው ዓመት ሥራ ጀመረ።

ባንኮቹ ሲስፋፉ ሽርክናው ቀረ። ምክንያቱ ክፋት አይደለም። ባንክ ከነጋዴ ጋር ትርፍ ለመካፈል የነጋዴውን እውነተኛ መዝገብ ማየት አለበት፤ ለግብር አንድ፣ ለራሱ ሌላ መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ ባለበት ገበያ ይህ ከባድ ነው። አስቀማጩም ብሩ እንዲጎድልበት አይሻም፤ ተቆጣጣሪውም የሕዝብ ገንዘብ ለአደጋ እንዲጋለጥ አይፈቅድም። በዚህ መሐል ሳሚ ሐሙድ የተባለ ዮርዳኖሳዊ በ1976 እ.ኤ.አ. በካይሮ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናቱ መውጫ አገኘ። የሻፊዒ መዝሀብ መሥራች ኢማም ሻፊዒ በ«ኡም» መጽሐፋቸው አንድ ሰው ሌላውን «ይህን ዕቃ ግዛና አተርፍልሃለሁ» ቢለው ግዢው ይፈቀዳል ብለዋል። ሐሙድ ይህን ይዞ ሙራባሓን ለባንክ አመቻቸው፤ ባንኩ ደንበኛው የፈለገውን ዕቃ ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በዱቤ ይሸጥለታል። በብዙ አገር ከወለድ ነፃ ባንኮች ከሌላው ዓይነት ውል ሁሉ ይልቅ የሚደገፉት በዚህ ነው።

ነገር ግን ኢማም ሻፊዒ በዚያው ቦታ ላይ ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ ነበር። ቃል የገባው ሰው ዕቃው ሲመጣ የመግዛትም የመተውም ምርጫ አለው። ለባንክ ይህ አይመችም፤ ደንበኛው ሐሳቡን ቢቀይር ዕቃው እጁ ላይ ይቀራል። መፍትሔው ቃል ኪዳን ያስገድዳል የሚለውን ሐሳብ ከማሊኪዎች ወስዶ ከሻፊዒው ሽያጭ ጋር ማጣመር ሆነ። የፊቅህ አካዳሚው በ1988 እ.ኤ.አ. የአንድ ወገን ቃል ባንኩን ወጪ ውስጥ ካስገባ አስገዳጅ ሊሆን እንደሚችል ወሰነ። ሕጋዊ ነው፤ ሆኖም በዚህ እርምጃ ባንኩ የነጋዴነትን አደጋ አንድ ደረጃ ቀነሰ።

ወፍጮው ቢገለበጥ

ነገሩን በአንድ ውል እንየው። የከሚሴ ነጋዴ 1,000,000 ብር የሚያወጣ የእህል ወፍጮ ፈለገ እንበል። ባንኩ ወፍጮውን ከአዲስ አበባ አስመጪ ገዝቶ በ1,200,000 ብር ይሸጥለታል፤ ክፍያው በ24 ወር፣ በየወሩ 50,000 ብር። የተለመደ ባንክ ተመሳሳይ ገንዘብ አበድሮ በወለድ ተመሳሳይ ድምር ሊቀበል ይችላል። በቁጥር ብቻ ካየነው ሐሜተኛው ልክ ነው።

ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንደኛ፣ ነጋዴው ስድስት ወር ቢዘገይ ዕዳው 1,200,000 ብር እንደሆነ ይቆያል። ወለድ ሲሆን ዕዳው አብሮ ያድጋል፤ በሙራባሓ ግን ዋጋው አንዴ ተቆርጧል። እያወቀ ላዘገየ ሰው ቅጣት ቢጣልም ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት ይውላል፤ የባንኩ ገቢ አይሆንም። ሁለተኛውና ዋናው ደግሞ ባለቤትነት ነው። ወፍጮውን የጫነው መኪና ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማበር ላይ ቢገለበጥ፣ ወፍጮው ገና ለነጋዴው ካልተሸጠ ኪሳራው የባንኩ ነው። ባንኩ ትርፉን የሚቀበልበት የሥነ ምግባር መሠረት ይህች የአደጋ ጊዜ ናት። ዕቃው በእጁ ሆኖ ሊጠፋ ይችል ስለነበር አተረፈ፤ ብር በማበደሩ አላተረፈም።

ፊቅህ ጊዜ ዋጋ የለውም አላለም፤ በዱቤ የሚሸጥ ዕቃ ከጥሬው ሊወደድ ይችላል። ፊቅህ ያለው ያ ጭማሪ ከዕቃ ጋር፣ ዕቃውም ከባለቤትነት ጋር ይታሰር ነው። እንግዲህ በተግባር የሚሠራውን እንጠይቅ። ደንበኛው ራሱ የባንኩ ወኪል ሆኖ ዕቃውን ከመረጠ፣ ከተረከበ፣ ባንኩም ለአስመጪው ቼክ ጽፎ በዚያው ሰዓት የሽያጩን ውል ካስፈረመ፣ የባንኩ ባለቤትነት የቆየው ብዕር ወረቀት ላይ እስኪያርፍ ድረስ ነው። ወረቀቱ የተሟላ ነው፤ አደጋው ግን ከደንበኛው ላይ አልተነሳም።

የሕግ ማዕቀፉም አንዳንዴ ባንኩን ወደዚህ ይገፋዋል። ዕቃ ሁለት ጊዜ ከተሸጠ ሁለት ጊዜ ታክስ፣ ሁለት ጊዜ የስም ማዛወሪያ ሊጠየቅ ነው። ብሪታንያ ይህን ስታይ በ2003 እ.ኤ.አ. ለእንዲህ ዓይነቱ የቤት ግዢ ድርብ የቴምብር ቀረጥን አስቀርታለች። ባለቤትነትን ውድ የሚያደርግ ሕግ ባንኮች ባለቤት ሳይሆኑ እንዲሸጡ ይጋብዛል።

የሻፊዒ አገር ፈተና

እዚህ ላይ ኢትዮጵያን የሚነካ የመዝሀብ ጉዳይ አለ። በአገራችን ከፍተኛ ቦታ ያለው የሻፊዒ መዝሀብ ነው፤ በወሎና በሌሎች አካባቢዎች የሐነፊ ትምህርትም ሥር አለው። የሻፊዒ ሊቃውንት ውልን የሚመዝኑት በሚታየው ቅርጹ ነው፤ የልብ ሐሳብ ለአላህ የተተወ ነው። ይህ በራሱ ትልቅ ጥበብ አለው፤ ዳኛ የሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ከመፍረድ ያድነዋል። የባንክ ሥራ ላይ ሲውል ግን በር ይከፍታል። መዝሀቧ ሻፊዒ የሆነው ማሌዢያ በይዑል ዒናን ለረጅም ጊዜ ተጠቅማበታለች፤ አንድን ዕቃ በዱቤ ሸጦ ወዲያው በጥሬ ገንዘብ በርካሽ መልሶ መግዛት ማለት ነው። የባሕረ ሰላጤው ዑለማ አብዛኞቹ ይህን ብድር በሽያጭ ልብስ ብለው አይቀበሉትም። ተወሩቅ ደግሞ ሦስተኛ ወገን ይጨምርበታል፤ ደንበኛው በዱቤ የገዛውን ሸቀጥ ባንኩ ራሱ ለሌላ ይሸጥለትና ጥሬ ገንዘቡን ያስረክበዋል። የፊቅህ አካዳሚው በ2009 እ.ኤ.አ. በሻርጃ ባደረገው ጉባኤ እንዲህ በባንክ የተቀነባበረውን ተወሩቅ አልፈቀደም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎም ሙፍቲ ተቂ ዑስማኒ በገበያ ላይ ከነበሩት ሱኩኮች (ከወለድ ነፃ የገንዘብ ሰነዶች) አብዛኞቹ የሸሪዓን መስፈርት እንደማያሟሉ ተናግረው የገንዘብ ገበያውን አስደንግጠው ነበር።

በሌላው ወገን ኢብን ተይሚያና ተማሪው ኢብን አል-ቀይም አሉ፤ ሪባን በዘዴ ማስገባትን አጥብቀው ተቃውመዋል። በ1388 እ.ኤ.አ. ያረፈው የግራናዳው አሽ-ሻጢቢ ደግሞ የሸሪዓን ዓላማዎች (መቃሲድ) ሲተነትን፣ አንድን የሸሪዓ ድንጋጌ ከተደነገገበት ዓላማ ተቃራኒ ለሆነ ግብ የሚጠቀም ሰው ሥራው ከንቱ ነው አለ። እንግዲህ የኢትዮጵያ ባንኮች የሸሪዓ አማካሪዎች ከሁለት የራሳቸው ቅርሶች መካከል ይመርጣሉ። ቅርጹን መጠበቅ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ዓላማውን መጠበቅ ዋጋ ያስከፍላል። ምርጫው በዝግ ስብሰባ ከተደረገ አስቀማጩ የትኛው እንደተመረጠ አያውቅም።

የአማኙ ብርና የዋጋ ንረት

ሁለተኛው የፍትሕ ጥያቄ ተበዳሪውን አይመለከትም፤ አስቀማጩን ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያስቀምጠው በወዲዓ፣ ማለትም በአደራ ሒሳብ ነው። ትርፍ አይታሰብለትም፤ ባንኩ ዋናውን ለመመለስ ዋስ ነው። ሕጉ ይህ ገንዘብ ከወለድ ገንዘብ ጋር እንዳይቀላቀል ያዛል። የዋጋ ንረት ግን መስኮት አይለይም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ከሪያድና ከዱባይ በላቧ ያገኘችውን ልካ በወዲዓ ያስቀመጠች ሠራተኛ ቁጥሩ ሳይጎድል ዋጋው ጎደለባት። ባንኩ ደግሞ በነፃ ባገኘው ገንዘብ ዕቃ ገዝቶ ሸጧል፤ ዕቃ ከዋጋ ንረት ጋር ይወደዳል።

ይህ በፊቅህ ውስጥ አዲስ አይደለም። የኦቶማን ዘመን የሐነፊ ሊቅ ኢብን ዓቢዲን (ሞት 1836 እ.ኤ.አ.) የገንዘብ ዋጋ ሲወድቅ ዕዳ እንዴት ይመለስ በሚል ለብቻው ጽፏል፤ የቀደምቱን የሐነፊ ሊቅ የአቡ ዩሱፍን አስተያየት ተከትሎም ዋጋው መታየት አለበት ወደሚለው አዘነበለ። የፊቅህ አካዳሚው በ1988 እ.ኤ.አ. ዕዳ የሚመለሰው በዓይነቱ ነው፣ በዋጋው አይደለም ብሎ ወሰነ፤ ያለዚያ ወለድ በኋላ በር ይገባል የሚል ስጋት ነበረው። ስጋቱ ትክክል ነው። ይሁንና መፍትሔው አስቀማጩ ሁልጊዜ ከሳሪ እንዲሆን መተው አይደለም። በሙዳረባ የኢንቨስትመንት ሒሳብ ቢገባ ከዕቃው ሽያጭ ትርፍ ድርሻ ይደርሰዋል፤ ከኪሳራውም እንዲሁ። ባንኮች ለደንበኛ ይህን ልዩነት በግልጽ አማርኛና ኦሮምኛ፣ ሶማልኛም፣ ያስረዱ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። አደራ መሆኑን አውቆ የመረጠ ሰው መርጧል፤ ሳያውቅ የገባ ሰው ግን በእምነቱ ምክንያት ርካሽ ገንዘብ አቅራቢ ሆኗል።

ቡናው ዛፉ ላይ ሳለ

ሽርክና በኢትዮጵያ አይሠራም የሚል ሰው ገጠሩን አላየም። እኩል አራሽ ከባለ መሬቱ ጋር ምርቱን ሲካፈል፣ ዝናብ ከቀረ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ላም ያለው ሰው ጉልበት ላለው ጎረቤቱ በርቢ ሲሰጥ የሚወለደውን ይካፈላሉ፤ ላሟ ያለ ጠባቂው ጥፋት ብትሞት በልማዱ ዕዳ አይሆንበትም። ይህ ከሙዳረባ ጋር አንድ መንፈስ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሲሠራበት ኖሯል። የቸገረው የመተማመን ባህሉን ወደ ተቋም ማሻገር ነው።

ለዚህ የሚመች ሌላ ውል አለ፦ ሰለም። በቡና አብቃይ አካባቢዎች የቸገረው ገበሬ ቡናውን ገና ዛፉ ላይ ሳለ በርካሽ ለነጋዴ ይሸጣል። ሸሪዓ ያልደረሰ ፍሬን እንዲህ መሸጥ ይከለክላል፤ ፍሬው ቢበላሽ አንዱ ወገን በሌላው ኪሳራ ይበላልና። ነቢዩ ሙሐመድ ወደ መዲና ሲገቡ ሰዎች ለተምር ዓመታትን ቀድመው ይከፍሉ ነበር፤ እሳቸውም ልኩ፣ ሚዛኑና ጊዜው እንዲታወቅ ደነገጉ። በሰለም ገዢው ሙሉ ዋጋውን አስቀድሞ ይከፍላል፤ ገበሬው በተወሰነ ቀን የተወሰነ ዓይነትና መጠን ያስረክባል፤ ውሉም ከአንድ የተለየ ዛፍ ጋር አይታሰርም። ገበሬው የራሱ ማሳ ቢመታበት ከገበያ ገዝቶ ማስረከብ ይችላል። ባንኩ ደግሞ የተረከበውን ሸጦ ያተርፋል፤ ዋጋ ቢወድቅ ይከስራል። ዕቃ መረከብ ባንክን የሚያስፈራ ቢሆንም የገበሬ ማኅበራት፣ ዩኒየኖችና የምርት ገበያው መጋዘኖች አሉ፤ መነሻ የሚሆን መሠረት አልጠፋም።

ሰለም ተአምር አይደለም። በሱዳን ባንኮች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ለእርሻ ሲጠቀሙበት የዋጋ ንረቱ ገበሬውን ጎዳው፤ በመኸር ጊዜ ዋጋው ሲያሻቅብ ቀድሞ በተስማማበት ርካሽ ዋጋ ማስረከብ ነበረበት። በዚህ የተነሳ ውሉ ላይ «የኢሕሳን አንቀጽ» ተጨመረ፤ ዋጋው ከተወሰነ ልክ በላይ ከተራራቀ የተጎዳው ወገን እንዲካስ። ዑለማው ውሉን ሳያፈርሱ ፍትሑን ወደ ውስጥ አስገቡት። ከቅርጽ ወደ ዓላማ መሄድ የሚቻለው እንዲህ ባለ ጥገና ነው።

ምን ይጠየቅ?

ከባንኮቹ ብዙ ነገር መጠየቅ ይቻላል፤ ሦስቱ ግን ዛሬውኑ የሚቻሉ ናቸው። የመጀመሪያው፣ የሸሪዓ አማካሪ ኮሚቴዎች ውሳኔያቸውን ከነምክንያቱ ለሕዝብ ማተም ነው። ደመወዛቸውን የሚከፍለው ባንኩ ነው፤ ጥርጣሬን የሚያስወግደውም ምስክርነታቸው ሳይሆን ክርክራቸው ለሌሎች ዑለማ ፍተሻ ክፍት መሆኑ ነው። በማሌዢያ ማዕከላዊ ባንኩ በ1997 እ.ኤ.አ. የራሱን የሸሪዓ ምክር ቤት አቋቁሟል፤ በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ውሳኔዎቹ ባንኮችንም ፍርድ ቤቶችንም የሚያስገድዱ ሆነዋል። የኛ መንገድ የግድ ያ መሆን የለበትም፤ ግልጽነቱን ግን መማር ይገባል።

ሁለተኛው፣ ዓመታዊ ሪፖርቱ ምን ያህል ፋይናንስ በሙራባሓ፣ ምን ያህሉ በሙሻረካ (በሽርክና)፣ በሙዳረባና በሰለም እንደተሰጠ፣ ባንኩም ዕቃውን በባለቤትነት በአማካይ ለስንት ጊዜ እንደያዘ ያሳይ። ሙራባሓ ሐላል ነው፤ መቶ በመቶ ሙራባሓ የሆነ ባንክ ግን አስ-ሰድርና ሲዲቂ ካለሙት ምን ያህል እንደራቀ በቁጥር ይታወቅ። ሦስተኛው፣ ሕጉ ለባለቤትነትና ለሽርክና የሚመች ይሁን። የኪሳራ ተካፋይነትን እንደ ደካማ ባንክነት የሚቆጥር መመሪያ ባንኩን መልሶ አበዳሪ ያደርገዋል።

ይህን ሁሉ «ጊዜው ገና ነው፣ ባንኮቹ ይጠንክሩ» የሚል መልስ ሊያስቆመው ይሞክራል። አዲስ ባንክ በመጀመሪያ ዓመታቱ አደጋ እንዲሸሽ መፍቀድ ምክንያታዊ ነው። ነገር ግን የማሌዢያም የባሕረ ሰላጤውም ታሪክ የሚያሳየው ጊዜያዊ የተባለው ልማድ ሆኖ እንደሚቀር ነው፤ ባንኩ ሲያድግ ሠራተኛው፣ ሶፍትዌሩ፣ የባለአክሲዮኑ ተስፋ ሁሉ በዚያ ልማድ ላይ ይገነባል። የኢትዮጵያ ባንኮች ገና ወጣት ናቸው፤ የትኛውን ልማድ እንደሚገነቡ ለመወሰን ከማንም የተሻለ ዕድል ያላቸው አሁን ነው። ደንበኛውም ድርሻ አለው። «ወለድ አለው ወይ?» ብሎ የጠየቀው ትውልድ ባንክ አግኝቷል። «ዕቃው ቢጠፋ፣ ንግዱ ቢከስር፣ ብሩ ቢረክስ የሚከፍለው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ትውልድ ደግሞ የባንኩን ሐቀኝነት ይለካል፤ ባንኮቹም ለዚህ ጥያቄ በጽሑፍ መልስ የማዘጋጀት ግዴታ አለባቸው።